የመጀመሪያው ደመወዝ ከፊሉ ከመንግሥት ሲመጣ፦ የስዊድን የቅጥር ድጎማ እንዴት ይሠራል?

የደመወዝ ድጎማ ማለት አንድ አሠሪ የተወሰነ መስፈርት የሚያሟላ ሥራ ፈላጊ ሲቀጥር፣ ከሚከፍለው ደመወዝና ደመወዙን ተከትሎ ከሚመጣው የመዋጮ ወጪ ከፊሉን መንግሥት ለተወሰነ ጊዜ የሚሸፍንለት አሠራር ነው። ተቀጣሪው በሥራ ውሉ የተስማማበትን ደመወዝ ከአሠሪው ሙሉ በሙሉ ይቀበላል፣ ግብርም ይከፍላል፤ ድጎማው የሚሄደው በአብዛኛው ወደ አሠሪው ነው። ይህን አስቀድሞ ማንሳት ያስፈለገው በውጭ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ነገሩ ብዙ ጊዜ ከኑሮ መደጎሚያ ጋር ስለሚምታታ ነው። የኑሮ መደጎሚያ ገቢ የሌለውን ሰው ለማኖር የሚሰጥ ሲሆን፣ የደመወዝ ድጎማ ግን ሰውየው ሥራ ላይ እስካልተገኘ ድረስ አንድ ሳንቲም አይወጣበትም።

የአሠራሩን ጥቅምና ጉድለት አንድ ላይ ለመመልከት ስዊድን ተስማሚ ምሳሌ ናት። አገሪቱ ከ2007 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዲስ መጤዎችን ወደ ሥራ ለማስገባት የታሰቡ የተለያዩ ድጎማዎችን እየጀመረች፣ እያሻሻለችና እየተወች ቆይታለች። በ2015 ብቻ 162,877 ሰዎች ጥገኝነት በጠየቁባት ጊዜ ጉዳዩ ከጥቂት ባለሙያዎች ጠረጴዛ ወጥቶ የአገሪቱ ፖለቲካ ዋና መነጋገሪያ ሆነ። በስቶክሆልምና በጎተንበርግ ዙሪያ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መካከልም ከነዚህ ድጎማዎች በአንዱ በኩል የመጀመሪያ ሥራቸውን ያገኙ አሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ከደመወዝ አወሳሰን ነው። በስዊድን በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ ወለሉን የሚያስቀምጡት የሠራተኛ ማኅበራትና የአሠሪዎች ማኅበራት በየዘርፉ የሚፈርሟቸው የኅብረት ስምምነቶች ናቸው። በነዚህ ስምምነቶች የተቀመጠው መነሻ ደመወዝ ከብዙ የአውሮፓ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ከፍ ያለ ነው፤ ይህም ለሠራተኛው ትልቅ ጥቅም መሆኑ አያጠያይቅም። በዚያ ላይ አሠሪው ለጡረታ፣ ለሕመም ፈቃድና ለሌሎች የማኅበራዊ ዋስትና ዘርፎች የደመወዙን 31.42 በመቶ የአሠሪ መዋጮ አድርጎ ለመንግሥት ገቢ ያደርጋል። ስለዚህ በወር 24,000 ክሮነር የሚከፈለው የወጥ ቤት ረዳት የምግብ ቤቱን ባለቤት የሚያስወጣው 31,500 ክሮነር ገደማ ነው። ባለቤቱ ይህን ያህል ከፍሎ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ ሥራ ይጠብቃል፤ አዲስ የመጣው ሰው ግን ቋንቋውን እየተማረ፣ የቦታውን የንጽሕናና የደኅንነት ደንብ እየለመደ፣ የተነገረውን ትእዛዝ ደግሞ እየጠየቀ የሚያሳልፋቸው ወራት መኖራቸው አይቀርም።

ሁለተኛው እንቅፋት ጥርጣሬ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከአስመራ የመጣ የትምህርት ማስረጃ ምን ያህል እንደሚመዝን አንድ አነስተኛ የስዊድን አሠሪ አያውቅም፤ ስለ አመልካቹ ደውሎ የሚጠይቀው የቀድሞ አለቃም የለም። ከዚህም አልፎ ስም ራሱ እንቅፋት ይሆናል። በ2007 የታተመ አንድ የመስክ ሙከራ፣ በይዘታቸው ተመሳሳይ የሆኑ የሥራ ማመልከቻዎች ከፊሎቹ በስዊድናውያን ስም፣ ከፊሎቹ በዓረብኛ ስም ለእውነተኛ ክፍት የሥራ ቦታዎች እንዲላኩ አድርጎ፣ የስዊድናውያን ስም የያዙት ለቃለ መጠይቅ የመጠራት ዕድላቸው በ50 በመቶ ያህል የሚበልጥ መሆኑን አሳይቷል። የቋንቋም የልምድም ልዩነት ያልነበረባቸው ማመልከቻዎች ስለነበሩ፣ ልዩነቱን ያመጣው ስሙ ብቻ ነበር።

ድጎማው ለነዚህ እንቅፋቶች የሚሰጠው መልስ እኩል አይደለም። ወጪውን በቀጥታ ይቀንሳል። ጥርጣሬውን ደግሞ አሠሪው በርካሽ ዋጋ እንዲፈትሸው ያስችላል፤ በእኔ አመለካከት የድጎማው ትክክለኛ ዋጋም እዚህ ላይ ነው፤ መንግሥት በገንዘቡ የሚገዛው አሠሪው ሰውየውን በሥራ ላይ አይቶ የሚያውቅበትን ጊዜ ነውና። ለጭፍን ጥላቻ ግን ድጎማ መድኃኒት አይሆንም። ባለማወቅ የሚያመነታ አሠሪ ከስድስት ወር የሥራ ልምድ በኋላ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል፤ በስምና በቆዳ ቀለም ምክንያት በሩን የዘጋ አሠሪ ጉዳዩ የፍርድ ቤትና የፀረ-አድልዎ ሕግ ነው እንጂ የበጀት አይደለም።

ወደ ስዊድን ዝርዝር ስንገባ በ2007 ሁለት ድጎማዎች ተጀመሩ። አንደኛው ኒስታርትስዮብ የሚባለው፣ ለረጅም ጊዜ ሥራ አጥ የሆኑ ሰዎችንና የመኖሪያ ፈቃድ ካገኙ ብዙ ያልቆዩ ስደተኞችን ለሚቀጥር አሠሪ መጀመሪያ ላይ የአሠሪ መዋጮውን ያህል ገንዘብ የሚመልስ ነበር። ዋና ባሕርይው ቀላልነቱ ነው፤ ሥራ ፈላጊው መስፈርቱን ካሟላ ድጎማው እንደ መብት ይቆጠር ስለነበር ባለሥልጣኑ ስለ ሰውየው ችሎታ የሚሰጠው አስተያየት እምብዛም ቦታ አልነበረውም። ሁለተኛው ኢንስቴግስዮብ ለአዲስ መጤዎች ብቻ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሥራውን ለስደተኞች ከሚሰጠው የስዊድንኛ ቋንቋ ትምህርት፣ ማለትም ከኤስኤፍኢ ጋር ያጣመረ ነበር። በግንቦት 2018 ኢንስቴግስዮብና ሌሎች ተመሳሳይ ድጎማዎች ተጠቃልለው ኢንትሮዱክሾንስዮብ በሚባል አንድ ድጎማ ተተኩ። ድጎማዎቹ ከመብዛታቸው የተነሣ አሠሪዎች እንኳን ሊለዩአቸው አልቻሉም ነበርና ማጠቃለሉ ተገቢ እርምጃ ነበር።

የኢንትሮዱክሾንስዮብ ሒሳብ በወጣበት ደንብ መሠረት እንደሚከተለው ነው። መንግሥት የደመወዝ ወጪውን 80 በመቶ ይሸፍናል፤ ነገር ግን ሒሳቡ የሚሠራው በወር እስከ 20,000 ክሮነር በሚደርስ ደመወዝ ላይ ብቻ ነው። ከላይ የጠቀስነውን የወጥ ቤት ረዳት ብንወስድ፣ የ20,000 ክሮነር ደመወዝ ከመዋጮው ጋር 26,300 ክሮነር ያህል ይሆናል፤ የዚህ 80 በመቶ 21,000 ክሮነር ገደማ ነው። ጠቅላላው ወጪ 31,500 ስለሆነ ባለቤቱ ከራሱ የሚከፍለው 10,500 ክሮነር ያህል ይሆናል ማለት ነው። ረዳቱ ግን በደመወዝ መግለጫው ላይ የሚያየው 24,000 ክሮነሩን ነው። ድጎማው ለአንድ ዓመት የሚሰጥ ሲሆን በአንዳንድ ሁኔታዎች ሊራዘም ይችላል፤ አሠሪው አዲሱን ሠራተኛ ለሚያለማምደው ሰው ጊዜም ተጨማሪ ክፍያ ሊያገኝ ይችላል።

ከጥር 2024 ጀምሮ ደግሞ ከቀደሙት ሁሉ የተለየ አካሄድ ያለው ኤታብሌሪንግስዮብ ሥራ ላይ ውሏል። ሐሳቡን ያመነጩት መንግሥትና ፓርቲዎች ሳይሆኑ ራሳቸው የሠራተኛ ማኅበራቱና የአሠሪዎቹ ኮንፌዴሬሽን ናቸው፤ በ2017 በመርሕ ተስማምተውበት ሕግ ሆኖ እስኪወጣ ግን ስድስት ዓመት ያህል ወስዷል። በዚህ አሠራር፣ በታቀደበት ስሌት መሠረት፣ አሠሪው በወር 8,400 ክሮነር ይከፍላል፤ መንግሥት ደግሞ እስከ 9,870 ክሮነር የሚደርስ ከግብር ነፃ የሆነ ክፍያ በማኅበራዊ መድን መሥሪያ ቤቱ በኩል በቀጥታ ለሠራተኛው ይሰጣል። ስለዚህ ድጎማው ወደ አሠሪው ይሄዳል ያልነው አጠቃላይ አባባል እዚህ ላይ አይሠራም። ሥራው የኅብረት ስምምነት ባለበት ቦታ ብቻ የሚፈቀድ ሲሆን፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ ወደ ቋሚ ቅጥር እንዲያመራ የታሰበ ነው። ማኅበራቱ በዚህ መንገድ የጠበቁት የኅብረት ስምምነቱን የደመወዝ ወለል ነው፤ ለስደተኞች ተብሎ ዝቅ ያለ የደመወዝ እርከን እንዳይፈጠር ቀዳዳውን መንግሥት ይሙላው ብለዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ገንዘብ ሰውን ወደ ዘላቂ ሥራ ያደርሳልን? በ2014 የታተመ አንድ ሰፊ ምርመራ፣ በአውሮፓ አገሮች ስደተኞችን ወደ ሥራ ለማስገባት የተካሄዱ መርሐ ግብሮችን የፈተሹ 33 ጥናቶችን አሰባስቦ፣ ሥልጠናን፣ የሥራ ፍለጋ እገዛን፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡ ጊዜያዊ ሥራዎችንና የደመወዝ ድጎማን ካነጻጸረ በኋላ፣ በእርግጠኝነት ሊመከር የሚችለው የደመወዝ ድጎማ ብቻ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሷል። ከዚያ አምስት ዓመት ቀድሞ በዴንማርክ አዲስ መጤዎች ላይ የተሠራ ጥናትም ወደ መደበኛ ሥራ የሚወስደውን ጊዜ ያሳጠረው የደመወዝ ድጎማ እንደሆነ አግኝቶ ነበር። ሌሎቹ መርሐ ግብሮች ብዙውን ጊዜ ሰውን ይይዙታል፤ ኮርስ ላይ ያለ ሰው ለዚያን ጊዜ ሥራ ፍለጋውን ያላላል፣ ኮርሱ ሲያልቅም በእጁ የሚቀረው አሠሪ የማያውቀው አንድ ተጨማሪ ወረቀት ሊሆን ይችላል። በግል ድርጅት ውስጥ የሠራ ሰው ግን ስልክ ተደውሎ ስለ እርሱ የሚመሰክር አለቃ፣ ክፍት ቦታ ሲኖር የሚጠቁመው ባልደረባና ከመማሪያ መጽሐፍ የማይገኝ የሥራ ቦታ ቋንቋ ይዞ ይወጣል። የሥራ ቦታ ስዊድንኛ በኤስኤፍኢ ክፍል ከሚነገረው ጋር ብዙም እንደማይመሳሰል ግንባታ ላይ የሠራ ሁሉ ያውቃል።

ይህ ውጤት ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ድጎማ ያገኙት ሰዎች ከጅምሩም ከሌሎቹ የተሻለ ዕድል የነበራቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ አሠሪ ከብዙ አመልካቾች መካከል ሲመርጥ የሚመርጠው ጠንካራውን ነውና። ተመራማሪዎች ይህን ልዩነት በስታቲስቲክስ ዘዴዎች ለማጥራት ቢጥሩም ሙሉ በሙሉ ጠራ ለማለት ያስቸግራል።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ለግብር ከፋዩ የሚቀርበው ነው፤ አሠሪው ይህን ሰው ያለ ድጎማውም ይቀጥረው ነበር ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ገንዘቡ ምንም አዲስ ሥራ ሳይፈጥር የአሠሪውን ትርፍ አሳድጎ ቀረ ማለት ነው። ኒስታርትስዮብ ሲጀመር እንደነበረው መስፈርቱን ለሚያሟላ ሁሉ በመብት የሚሰጥ ድጎማ ለዚህ ብክነት ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ባለሥልጣን እየመረጠ የሚፈቅደው ድጎማ ደግሞ ብክነቱን ሲቀንስ መጓተትንና ወረቀት ያበዛል። የስዊድን ፖሊሲ በነዚህ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ኖሯል፤ ፍጹም መካከለኛ ቦታ ያለም አይመስለኝም።

ሌላው ስጋት መገፋት ነው። ድጎማ ያለው አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ድጎማ የሌለው ነባር ሠራተኛ ውሉ ሳይታደስ ቢቀር፣ አንዱ ስደተኛ ሥራ ያገኘው ምናልባት በሌላው ስደተኛ ቦታ ነው፤ በጽዳት፣ በምግብ ቤትና በመጋዘን ሥራ ጎን ለጎን የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ከተመሳሳይ አካባቢ የመጡ ሰዎች ናቸውና። ዴንማርክ ለዚህ የሒሳብ ገደብ አበጅታለች። የግል ድርጅት በድጎማ የሚቀጥረው ሰው የሠራተኞቹን ጠቅላላ ቁጥር የሚያሳድግ መሆን አለበት፤ እስከ 50 ሠራተኞች ድረስ ለእያንዳንዱ አምስት መደበኛ ሠራተኛ አንድ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ አሥር ተጨማሪ ሠራተኛ አንድ የድጎማ ሠራተኛ ብቻ ይፈቀዳል። ይህ ደንብ አነስተኛ ሱቆችን ከጨዋታው ሊያስወጣ እንደሚችል የታወቀ ቢሆንም፣ ድርጅቱን በሙሉ በድጎማ ሠራተኛ የማስኬድን ፈተና ይዘጋል።

ጀርመን ደግሞ ያተኮረችው ድጎማው በሚያበቃበት ቀን ላይ ነው። የጀርመን የሥራ ኤጀንሲ በመደበኛው ደንብ እስከ 12 ወር ድረስ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ደመወዝ ሊሸፍን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን አሠሪው ድጎማው የቆየበትን ጊዜ ያህል፣ ቢበዛ ለ12 ወር፣ ሠራተኛውን ማቆየት ይጠበቅበታል። ያለ በቂ ምክንያት ካሰናበተው ከተቀበለው ከፊሉን ይመልሳል። ድጎማው ባለቀ ማግሥት ሠራተኛውን አሰናብቶ ሌላ ባለ ድጎማ መቅጠር የዚህ አሠራር ሁሉ ትልቁ ሕመም እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ የጀርመኑ ደንብ ከቀረቡት መፍትሔዎች ሁሉ የተሻለው ይመስላል።

ድጎማ ሊጎዳም እንደሚችል የሚያሳየው ታሪክ ግን ከአውሮፓ ውጭ ነው። በ1980 እና በ1981 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በምትገኘው ዴይተን ከተማ፣ የማኅበራዊ ድጋፍ ተቀባይ የነበሩ ሥራ ፈላጊዎች በዕጣ ተከፋፍለው ከፊሎቹ ለአሠሪ የሚያሳዩት ወረቀት ተሰጣቸው፤ ወረቀቱ ይህን ሰው የቀጠረ አሠሪ ከደመወዙ ከፊሉ በግብር ቅናሽ ወይም በጥሬ ገንዘብ ይመለስለታል የሚል ነበር። ሌሎቹ ያለ ወረቀት ሥራ ፈለጉ። በመጨረሻ ወረቀቱን ከያዙት መካከል ሥራ ያገኙት ከመቶ 13 ያህል ሲሆኑ፣ ወረቀት ከሌላቸው መካከል ግን ከመቶ ወደ 21 የሚጠጉት ተቀጠሩ። አሠሪዎቹ ወረቀቱን የተረዱት እንደ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ መንግሥት ገንዘብ ጨምሮ የሚሰጠው ሰው አንድ ጉድለት ቢኖርበት ነው ብለው ጠረጠሩ። ይባስ ብሎ ወረቀት ያላቸውን ከቀጠሩት አሠሪዎች መካከል አብዛኞቹ ድጎማውን ለመጠየቅ እንኳ አልሄዱም። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ትምህርት፣ ሥራ ፈላጊው ከገባ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ስለ ድጎማው ባያወራ እንደሚሻል ነው፤ መጀመሪያ ሙያው ይቅረብ፣ ገንዘቡ የሚነሳው አሠሪው ፍላጎት ካሳየ በኋላ ይሁን።

አናሳ ብሔረሰቦችን በሚመለከት አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ ያስፈልጋል። በስዊድን ድጎማ የሚሰጠው በዘር ወይም በቆዳ ቀለም ሳይሆን በመኖሪያ ፈቃድ ዕድሜና በሥራ አጥነት ርዝመት ነው፤ የመንግሥት መዝገብም የትውልድ አገርን እንጂ ብሔረሰብን አይመዘግብም። በዚህ ምክንያት በስዊድን ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ፣ በስሙ ምክንያት ተመሳሳይ አድልዎ ቢደርስበት እንኳ፣ ለረጅም ጊዜ ሥራ አጥ ካልሆነ በቀር በአዲስ መጤነት ድጎማ አያገኝም። ካናዳ ትንሽ ለየት ትላለች፤ ከ2017 ጀምሮ ተማሪዎችን ለልምምድ ለሚቀጥሩ ድርጅቶች ግማሹን ደመወዝ እስከ 5,000 የካናዳ ዶላር ድረስ ስትሸፍን፣ ተቀጣሪው አዲስ መጤ፣ የነባር ሕዝቦች ተወላጅ ወይም አካል ጉዳተኛ ከሆነ ድርሻዋን ወደ 70 በመቶና ወደ 7,000 ዶላር ከፍ ታደርጋለች። መሠረታዊው ድጎማ ለሁሉም ተማሪ ስለሚሰጥ፣ ዴይተን ላይ የታየው ዓይነት ምልክት በአናሳዎቹ ግንባር ላይ ብቻ አይለጠፍም። ብልህ አሠራር ነው።

ማጭበርበር አለ፤ በስዊድን ቁጥጥሩ በየጊዜው የጠበቀውም በዚህ ምክንያት ነው። የተለመደው ዘዴ ደመወዙ በባንክ ሙሉ ሆኖ ከገባ በኋላ ሠራተኛው ከፊሉን በጥሬው ለአሠሪው እንዲመልስ ማስገደድ ነው፤ አሠሪው አንዳንዴ የገዛ አገራችን ሰው ይሆናል፤ ይህ ደግሞ መናገርን ከባድ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ የቀረበለት ሰው ማወቅ ያለበት ድርጊቱ ሕገ ወጥ እንደሆነና የሠራተኛ ማኅበሩ ወይም የሥራ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ፣ አርቤትስፎርመድሊንገን፣ ጉዳዩን ሊመለከተው እንደሚችል ነው።

ውል ከመፈረም በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮችም አሉ። ድጎማው የትኛው እንደሆነና መቼ እንደሚያበቃ፣ ደመወዙ በዘርፉ የኅብረት ስምምነት መሠረት መሆኑን፣ የሚያለማምደው ሰው ማን እንደሆነ መጠየቅ የሠራተኛው መብት ነው። ሁሉም የድጎማ ሥራ ለሥራ አጥነት መድን እንደማይቆጠር፣ በአንዳንዶቹ የተቀጠረ ሰውም በቅጥር ዋስትና ሕጉ እንደማይሸፈን መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ምን እንደሚጠብቀው የሥራ አጥነት መድን ድርጅቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ሥራው ካለቀ ምን ምን እንደተሠራ የሚዘረዝር የሥራ ምስክርነት በጽሑፍ መቀበልም መረሳት የለበትም። ከሁሉ ይልቅ ግን ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻውን የሚያቀርበው አሠሪው ሲሆን፣ የሥራ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ውሳኔ የሚሰጠው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ሥራ ከተጀመረ በኋላ የቀረበ ጥያቄ በአብዛኛው ውድቅ ይሆናል።